የኦቫሪ ቅሪት፦ ወጣ የተባለው እጢ ሥራውን ሲቀጥል

ሁለቱም ኦቫሪዎች በቀዶ ሕክምና ወጥተዋል ከተባለ በኋላ በሆድ ዕቃ ውስጥ የተረፈ የኦቫሪ ቁራጭ ሆርሞን ማመንጨቱን ሲቀጥል የሚፈጠረው ችግር የኦቫሪ ቅሪት ሕመም ይባላል። ችግሩ በሴት ውሾችና ድመቶች ላይ ከሚደረገው የማምከን ቀዶ ሕክምና የታወቁ መዘዞች አንዱ ነው። በሴቶች ላይ የሚያጋጥመው አልፎ አልፎ ቢሆንም፣ ባጋጠመ ጊዜ ለዓመታት የዘለቀ የዳሌ ሕመምና ተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና ያስከትላል።

የሁለቱም መነሻ አንድ ነው፤ እንዲወጣ የታሰበው ኦቫሪ ሙሉ በሙሉ አልወጣም። ያልወጣበት ምክንያት ግን ይለያያል። በእንስሳት ላይ ቅሪቱ የሚተርፈው በአብዛኛው ጤናማ ኦቫሪ በሚወጣበት ጊዜ በሚደርስ የአሠራር ጉድለት ነው። በሴቶች ላይ ደግሞ ኦቫሪውን ከአንጀት፣ ከሽንት ፊኛና ከዳሌ ግድግዳ ጋር ያጣበቀው በሽታ ራሱ ቀዶ ሐኪሙ ድንበሩን ለይቶ እንዳያወጣው ያደርጋል። ምርመራው፣ ሕክምናውና መከላከያው በሁለቱ ዘንድ የሚለያየውም ከዚህ የተነሳ ነው።

የኦቫሪ ቅሪት ከሚመሳሰሉት ሁኔታዎች ተለይቶ መታወቅ አለበት። ማህፀን ሲወጣ ኦቫሪው ሆን ተብሎ ከተተወና ኋላ ሕመም ካመጣ፣ ያ ሳይወጣ የተተወ ኦቫሪ ችግር እንጂ ቅሪት አይደለም። በተፈጥሮ ከሁለት በላይ ኦቫሪ ወይም ከዋናው አጠገብ ተጨማሪ የኦቫሪ ቁራጭ ይዞ መወለድም አለ፤ ነገር ግን እጅግ ብርቅ ነው። በእንስሳትም ሆነ በሴቶች ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለሚታይ የኦቫሪ ሥራ ተጨማሪ ኦቫሪ ምክንያት ሆኖ የሚገኘው ከስንት አንድ ጊዜ ስለሆነ፣ በቅድሚያ መጠርጠር ያለበት ቅሪት ነው።

ትንሽ ቁራጭ ለምን ይበቃል?

ኦቫሪ ሥራውን የሚያከናውነው በውጫዊው ንብርብሩ ውስጥ በተበተኑ ፎሊክሎች አማካይነት ነው። እያንዳንዱ ፎሊክል እንቁላልን ይይዛል፤ ሲያድግም ኤስትሮጅን ያመነጫል። እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ደግሞ ፎሊክሉ ወደ ኮርፐስ ሉቴየም ተለውጦ ፕሮጄስትሮን ያመነጫል። ጥቂት ፎሊክሎች የያዘ ቁራጭ እስካለ ድረስ ይህ ዑደት ሊቀጥል ይችላል።

የቀረው ቁራጭ ትንሽ መሆኑ ሥራውን የማያስቆመው ከአንጎል ሥር ያለው የፒቱታሪ እጢ ስለሚያግዘው ነው። በጤናማ ሰውነት ኦቫሪ የሚልከው ኤስትሮጅን ፒቱታሪውን ይገታዋል። ኦቫሪዎቹ ሲወጡ ይህ መገቻ ይላላል፤ ፒቱታሪው ኤፍኤስኤች እና ኤልኤች የተባሉትን ሆርሞኖች በብዛት መልቀቅ ይጀምራል። ይህ ከፍተኛ ግፊት የተረፈውን ቁራጭ ሳያቋርጥ ይቀሰቅሰዋል፤ ፎሊክሎቹ ያድጋሉ፣ ፈሳሽ ይቋጥራሉ፣ ቁራጩም ከጊዜ ጋር ይተልቃል። ምልክቱ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በሳምንታት ውስጥ ሊታይ፣ አለዚያም ከዓመታት በኋላ ብቅ ሊል የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከደም ሥሩ የተቆረጠ ቁራጭ በሕይወት የሚቆይበትን መንገድ ያሳዩት የእንስሳት ሙከራዎች ናቸው። ሼምዌል እና ዊድ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1970 ችግሩን በሴቶች ላይ ሲገልጹ፣ በድመቶች ላይ በተደረገ ሙከራ ከሥሩ የተለየ የኦቫሪ ቁራጭ በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ ሲያርፍ ተጣብቆ አዲስ የደም ሥር ሊያበጅና ፎሊክል ሊያሳድግ እንደሚችል አሳይተዋል። በኋላ በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናትም ይህንኑ አጠናክሯል። ስለዚህ ቅሪት ሁልጊዜ የደም ሥሩ በታሰረበት ክር ሥር ሳይቆረጥ የቀረ ሥጋ ብቻ አይደለም። በሥራ ላይ ከመሣሪያ አምልጦ ሆድ ውስጥ የወደቀ ቅንጣትም በወደቀበት ቦታ ሥር ሊሰድ ይችላል።

ይኸው ባሕርይ በሌላ ዘርፍ በረከት ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1994 በኤድንብራ ተመራማሪዎች ከበጎች የወሰዱትን የኦቫሪ ቁራጭ በቅዝቃዜ አቆይተው መልሰው በመትከል ግልገል እንዲወለድ አድርገዋል። በ2004 ደግሞ በብራስልስ ከካንሰር ሕክምና በፊት የኦቫሪ ቁራጯ ተወስዶ በቅዝቃዜ የተቀመጠላት ሴት፣ ቁራጩ ከተመለሰላት በኋላ ልጅ ወልዳለች። ለመካንነት መፍትሔ የሆነው የህብረ ሕዋስ ጽናት፣ ኦቫሪው ሙሉ በሙሉ እንዲወጣ ሲፈለግ ደግሞ ችግር ይሆናል።

በውሻና በድመት፦ የአሠራሩ ጉዳይ

የሴት ውሻ ኦቫሪ ከኩላሊት ጀርባ፣ ከጀርባ ግድግዳ ጋር ተያይዞ በጥልቀት ይገኛል። ወደ ጎድን አጥንት የሚስበው ጠንካራ ጅማት ስላለ በጠባብ የቀዶ ቀዳዳ በኩል ወደ ላይ ተስቦ ለመታየት ያስቸግራል። የቀኙ ኦቫሪ ከግራው ይልቅ ወደ ፊት ጠለቅ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ ቅሪት ይበልጥ የሚገኘው በቀኝ በኩል እንደሆነ የቀዶ ሕክምና መጻሕፍት ያስጠነቅቃሉ።

ሌላው አስቸጋሪ ነገር ኦቫሪው የተሸፈነበት ከረጢት ነው። በውሻ ይህ ከረጢት በስብ ስለሚሞላ ኦቫሪው ከውጭ አይታይም። ሐኪሙ ጅማቱን ካላላ በኋላ መቆንጠጫውን ከኦቫሪው በላይ፣ በደም ሥሮቹ ላይ ማሳረፍ አለበት። ጅማቱ በበቂ ካልላላ፣ ቀዳዳው ከጠበበ ወይም ውሻዋ ከወፈረች መቆንጠጫው ከስቡ ውስጥ ሳይታይ በኦቫሪው ጫፍ ላይ ያርፋል። ከመቆንጠጫው በታች ያለው ይቆረጣል፤ ከበላዩ ያለው ቀጭን ቁራጭ ግን ከነደም ሥሩ በሆድ ውስጥ ይቀራል። በድመት ከረጢቱ ስስና ክፍት ስለሆነ ኦቫሪው በቀላሉ ይታያል። ያም ሆኖ ድመቶችም ከቅሪት አያመልጡም፤ ስለ ችግሩ በወጡት የሕክምና ዘገባዎች ውስጥ በብዛት ይገኛሉ።

ምልክቱ ባለቤቱ በቤቱ የሚያየው ነው። መክናለች የተባለች ውሻ በአማካይ በየ7 ወሩ፣ ወይም ከዚህ ባጠረና በረዘመ ልዩነት፣ ብልቷ ያብጣል፤ ወንዶች ይከተሏታል፤ እሷም ጭራዋን ወደ ጎን አድርጋ ትቆምላቸዋለች፤ ይህ ወቅት ድራት ይባላል። ማህፀኗ አብሮ ከወጣ ደም ላይታይ ይችላል፤ የደም አለመታየት ግን ድራት የለም ማለት አይደለም። ድመት ደግሞ ሌሊት ትጮኻለች፣ መሬት ላይ ትንከባለላለች፣ የፊት እግሯን ዝቅ አድርጋ ወገቧን ታነሳለች። በሰሜኑ የዓለም ክፍል የድመት ድራት ቀኑ በሚረዝምበት ወቅት የተወሰነ ነው። እንደ ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ በሚቀርቡ አገሮች ግን የቀኑ ርዝመት ብዙም ስለማይለዋወጥ ዓመቱን ሙሉ ሊደጋገም ይችላል።

ከማህፀን የቀረ ጉማጅ ካለ ቅሪቱ የሚያመነጨው ፕሮጄስትሮን ለኢንፌክሽን ያጋልጠዋል። በዚያ ጉማጅ ውስጥ መግል ሲቋጠር እንስሳዋ ትተኩሳለች፣ ምግብ ትተዋለች፣ ውሃ አብዝታ ትጠጣለች፤ ሕይወቷም አደጋ ላይ ይወድቃል። በመከነች ውሻ ላይ የማህፀን ጉማጅ መግል ሲገኝ የኦቫሪ ቅሪት አብሮ መፈለግ ያለበት ለዚህ ነው።

የብልት ማበጥ ሁሉ የቅሪት ምልክት አይደለም። የብልት ኢንፌክሽን፣ የሽንት መስመር ሕመምና የአድሬናል እጢ በሽታ ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ። ፌሬት በተባለው ለማዳ እንስሳ ለምሳሌ ከማምከን በኋላ ለሚታይ የብልት ማበጥ ዋናው ምክንያት የአድሬናል በሽታ ነው። ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የባለቤቷ መድኃኒት ነው። ለማረጥ ምልክቶች በቆዳ ላይ የሚቀባ ወይም የሚረጭ ኤስትሮጅን የምትጠቀም ሴት ውሻዋን ስታቅፍ መድኃኒቱ ወደ ውሻዋ ሊተላለፍ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ስለዚህ ዓይነት ንክኪ እ.ኤ.አ. በ2010 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ስለዚህ ውሻዋ እንደገና ሆዷ ከመቀደዱ በፊት ሐኪሙ በቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት መጠየቅ አለበት።

ከግምት ወደ ማረጋገጫ

በእንስሳት ላይ ምርመራው የሚጀምረው በርካሽና በቀላል ዘዴ ነው። ምልክቱ በሚታይበት ሰሞን ከብልት ግድግዳ በጥጥ እንጨት ናሙና ይወሰዳል፤ በመስታወት ላይ ተቀብቶና ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ኤስትሮጅን በሌለበት ሴሎቹ ትንንሽና ክብ፣ እምብርታቸውም ጎላ ያለ ነው። ኤስትሮጅን ሲጨምር ግድግዳው ይወፍራል፤ በላዩ ያሉት ሴሎች ይሰፋሉ፣ ጠርዛቸው ማዕዘን ያወጣል፣ እምብርታቸው ይኮማተራል ወይም ይጠፋል። መስታወቱ በአብዛኛው በእነዚህ ባለማዕዘን ሴሎች ከተሞላ በሰውነቷ ውስጥ የኤስትሮጅን ምንጭ አለ ማለት ነው። ምንጩ ኦቫሪ ይሁን የባለቤቷ ቅባት ግን ይህ ምርመራ አይለይም።

ኤስትሮጅንን በቀጥታ ከደም መለካት ብዙ አይረዳም፤ መጠኑ በቀናት ውስጥ ስለሚዋዥቅና ከቅሪት የሚወጣው ትንሽ ስለሆነ ዝቅተኛ ውጤት ቅሪት የለም አያሰኝም። ይበልጥ የሚያሳምነው ፕሮጄስትሮን ነው። በውሻ የድራቱ ምልክት ካበቃ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ በደም ውስጥ ያለው ፕሮጄስትሮን በሚሊ ሊትር ከ2 ናኖግራም በላይ ከሆነ እንቁላል ወጥቷል፣ ኮርፐስ ሉቴየም አለ ማለት ነው። ድመት ግን በተፈጥሮዋ እንቁላል የምታወጣው በአብዛኛው ከተራከበች በኋላ ነው። ስለዚህ ድራት ላይ እያለች እንቁላል እንድታወጣ ጂኤንአርኤች ወይም ኤችሲጂ ሆርሞን ተወግታ፣ ከ1 እስከ 2 ሳምንት በኋላ ፕሮጄስትሮኗ ይለካል።

የኤልኤች ምርመራ መነሻው ከላይ የተገለጸው የፒቱታሪ ባሕርይ ነው። ኦቫሪ በሌላት እንስሳ ኤልኤች ዘወትር ከፍተኛ ነው፤ ዝቅተኛ ሆኖ ከተገኘ ፒቱታሪውን የሚገታ የኦቫሪ ሥራ እንዳለ ያመለክታል። ከፍተኛ ውጤት ግን ብቻውን አይበቃም፤ ሙሉ ኦቫሪ ያላትም እንስሳ እንቁላል በምታወጣበት ሰሞን ኤልኤቿ ለአጭር ጊዜ ስለሚያሻቅብ ምርመራው መደገም አለበት።

እነዚህ ዘዴዎች ሁሉ አንድ የጋራ ችግር አላቸው፤ ባለቤቱ ምልክቱን ጠብቆ በትክክለኛው ሰሞን እንስሳዋን ማምጣት ይኖርበታል። ይህን የለወጠው አንቲ ሙለሪያን ሆርሞን ነው። ሆርሞኑን ፈረንሳዊው አልፍሬድ ዮስት በ1940ዎቹ ሲያጠና ትኩረቱ በወንድ ጽንስ ላይ ነበር፤ የማህፀን መነሻ የሆነው ቱቦ በወንድ ጽንስ ውስጥ እንዲከስም የሚያደርገው ይህ ንጥረ ነገር ነው። በኋላ ግን በሴት ሰውነት ውስጥ በማደግ ላይ ካሉ ፎሊክሎች ሴሎች እንደሚመነጭ ታወቀ። በሴት ሰውነት ውስጥ ከኦቫሪ በስተቀር ሌላ ምንጭ የለውም ሊባል ይችላል፤ መጠኑም በድራት ዑደት ውስጥ ብዙ አይዋዥቅም። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት የውሾችንና የድመቶችን ሆርሞን ከማምከን በፊትና በኋላ ለክተው፣ አንድ የደም ናሙና የመከነችውን ካልመከነችው ለመለየት እንደሚረዳ አሳይተዋል። ይህ ከመጠለያ ለተወሰደች፣ ታሪኳ ለማይታወቅ እንስሳም ይጠቅማል፤ መክና እንደሆነ ለማወቅ ብቻ ሆዷ አይከፈትም።

ሆኖም ቅሪቱ በጣም ትንሽ ሲሆን ሆርሞኑ ከመለኪያው አቅም በታች ሊወርድ ይችላል። ምልክት እያለ ውጤቱ የለም ካለ ፕሮጄስትሮንን ጨምሮ መለካት ወይም ምርመራውን በሌላ ጊዜ መድገም ይገባል። ከፍ ብሎ የሚገኝ ውጤት ደግሞ ፎሊክሎቹን ከሚከቡት ሴሎች የሚነሳ ዕጢ ሊሆን እንደሚችል መታሰብ አለበት። አልትራሳውንድ ፈሳሽ የቋጠረ ፎሊክል ወይም ኮርፐስ ሉቴየም በኩላሊት አጠገብ ሊያሳይ ይችላል፤ ሆኖም ውጤቱ በመርማሪው ልምድ ላይ ስለሚመሠረት አለመታየቱ አለመኖሩን አያረጋግጥም።

የእንስሳት ሕክምና

አስተማማኙ ሕክምና ሆድን እንደገና ከፍቶ ቅሪቱን ማውጣት ነው። ትልቁ ጥያቄ ጊዜው ነው። በድራት ወቅት ፎሊክሎቹና የደም ሥሮቹ ጎልተው ይታያሉ፤ ከድራቱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ደግሞ ኮርፐስ ሉቴየሙ ቅሪቱን አተልቆ ለዓይን ያጋልጠዋል። ብዙ ሐኪሞች ሁለተኛውን ጊዜ የሚመርጡት በድራት ወቅት የደም ሥሮቹ ስለሚያብጡ ደም መፍሰስ እንዳይበዛ ነው። በሁለቱ ድራቶች መካከል ባለው ጸጥተኛ ጊዜ የተከፈተ ሆድ ግን ምንም ሳይገኝበት ሊዘጋ ይችላል።

ቀዳዳው ሰፊ መሆን አለበት፤ ጠባብ ቀዳዳ የመጀመሪያውን ስህተት ይደግማል። በአንድ በኩል ቅሪት ቢገኝም ሁለቱም ጎኖች፣ ከኩላሊቶቹ ጀርባ ያለው ቦታ፣ የስብ መሸፈኛውና የሆድ ግድግዳው ይፈተሻሉ። ምንም በግልጽ ካልታየ በሁለቱም በኩል ያለው ጠባሳ ከሥሩ ይወጣል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርዱት የሽንት ቱቦዎች ተለይተው ከታዩ በኋላ ነው፤ በጠባሳ ውስጥ በጭፍን የተቋጠረ ክር ቱቦውን አንቆ ኩላሊቱን ሊያጠፋ ይችላል። መሣሪያው ባለበት ሁሉ ላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ ካሜራ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና፣ አጉልቶ ስለሚያሳይ ሥራውን ያቀላል። የወጣው ሁሉ ለፓቶሎጂ (ለህብረ ሕዋስ ምርመራ) መላክ አለበት፤ በዓይን ኦቫሪ የመሰለው ጠባሳ ወይም ስብ ሆኖ ሊገኝ ይችላልና።

ፕሮጄስትሮን መሰል መድኃኒቶች ድራቱን ያግዳሉ፤ ለረጅም ጊዜ መስጠት ግን አይመከርም። የጡት ዕጢ፣ በተለይ በድመት የስኳር በሽታ፣ የማህፀን ጉማጅ ካለ ደግሞ መግል ያስከትላሉ። ምንም አለማድረግም አማራጭ አይደለም፤ ቅሪቱ ራሱ ወደ ዕጢ ሊለወጥ፣ የጡት ዕጢ ስጋቱም ሊቀጥል ይችላል።

በሴቶች፦ የበሽታው ጉዳይ

በሴቶች ላይ ቅሪት የሚተርፍባቸው ቀዶ ሕክምናዎች ከመነሻው አስቸጋሪዎች ናቸው። ዋነኛው አጋላጭ ኢንዶሜትሪዮሲስ ነው፤ የማህፀን ውስጥ ሽፋን የመሰለ ህብረ ሕዋስ ከማህፀን ውጭ አድጎ ኦቫሪውን ከአንጀቱ፣ ከፊኛውና ከዳሌው ግድግዳ ጋር ያጣብቃል። የዳሌ ኢንፌክሽንና ቀደም ሲል የተደረጉ ተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምናዎችም ተመሳሳይ መጣበቅ ይፈጥራሉ። ቀዶ ሐኪሙ ኦቫሪውን ከዚህ ግግር ሲላቅቅ ድንበሩ አይታየውም፤ ኦቫሪውም የሚጣበቅበት የዳሌ ግድግዳ ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚወርደው የሽንት ቱቦ የሚያልፍበት ስለሆነ ቱቦውን ላለመጉዳት ሲጠነቀቅ የኦቫሪውን ቅርፊት በግድግዳው ላይ ትቶ ሊወጣ ይችላል። በላፓሮስኮፒ ጊዜ የማሰሪያ ቀለበቱ ለኦቫሪው ተጠግቶ ሲጠበቅ፣ ወይም ኦቫሪው ያለ ከረጢት ተቆራርጦ ሲወጣም ቁራጭ ሊቀር ይችላል።

ዋናው ምልክት በዳሌ አካባቢ የሚሰማ ሕመም ነው። የማያቋርጥ ወይም በየወሩ የሚመላለስ፣ አንዳንዴም በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በሽንት ወይም በሰገራ ጊዜ የሚብስ ይሆናል። ፈሳሽ የቋጠረው ቁራጭ የሽንት ቱቦውን ከተጫነ ኩላሊቱ ያብጣል፤ በጎን በኩልም ሕመም ይሰማል። በአሜሪካ በማዮ ክሊኒክ የታከሙ የ186 ሴቶች ታሪክ በተሰበሰበበትና እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመው ጥናት፣ ብዙዎቹን ወደ ሐኪም ያመጣቸው ይኸው የዳሌ ሕመም ነበር።

ከሕመሙ ሌላ አንድ ጠቃሚ ፍንጭ አለ፤ መታየት ሲገባው የማይታይ ነገር ነው። ገና ያላረጠች ሴት ሁለቱም ኦቫሪዎቿ ወጥተው ምትክ ሆርሞን ሳትወስድ የሙቀት ስሜትና የሌሊት ላብ ካልመጣባት፣ በሰውነቷ ውስጥ ሌላ የኤስትሮጅን ምንጭ መኖሩ ይጠረጠራል።

የደም ምርመራው ይህንን ጥርጣሬ ያጠናክራል። ኦቫሪ በሌላት ሴት ኤፍኤስኤች ከፍ፣ ኤስትራዲዮል የተባለው ዋናው ኤስትሮጅን ደግሞ ዝቅ ይላል። ኤፍኤስኤች በሊትር ከ30 ዓለም አቀፍ ዩኒት በታች፣ ኤስትራዲዮል ደግሞ በሚሊ ሊትር ከ30 ፒኮግራም በላይ ከሆነ የሚሠራ የኦቫሪ ቁራጭ አለ ለማለት ያስደፍራል። ምትክ ሆርሞን የምትወስድ ሴት ግን ሐኪሟ በሚወስነው ጊዜ መድኃኒቱን አቋርጣ መመርመር አለባት፤ አለዚያ መለኪያው የሚያነበው ክኒኑን ነው። ያረጡ ሴቶችን የሚመስል ውጤትም ቅሪትን ሙሉ በሙሉ አያስወግድም፤ ሥራው የቀነሰ ቁራጭ ሆርሞኑ ሳይታይ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። አንቲ ሙለሪያን ሆርሞን በሴቶችም ይረዳል፤ ነገር ግን ዕድሜ እየገፋ ሲሄድ በተፈጥሮ እየወረደ በማረጥ ጊዜ ስለሚጠፋ፣ ዕድሜዋ በገፋ ሴት ላይ የለም የሚለው ውጤት ክብደት የለውም።

ቦታውን ለማወቅ በብልት በኩል የሚደረግ አልትራሳውንድ ይቀድማል፤ ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ ይከተላሉ። ቁራጩ ለመታየት ትንሽ ከሆነ ኦቫሪን የሚቀሰቅሰው ክሎሚፊን የተባለ መድኃኒት ለጥቂት ቀናት ተሰጥቶ ፎሊክሎቹ ሲያድጉ ምስሉ ይደገማል። የሽንት ቱቦው መጫን ከተጠረጠረ ኩላሊቱና ቱቦው ከቀዶ ሕክምናው በፊት በምስል ይታያሉ።

ሕክምናው እዚህም ቀዶ ሕክምና ነው፤ የሚሠራበት መንገድ ግን ከመጀመሪያው ይለያል። ቀዶ ሐኪሙ በተጣበቀው ግግር ውስጥ ከመቆፈር ይልቅ የሆድ ዕቃ ሽፋኑን ከጎን ከፍቶ ከጀርባው ባለው ያልተነካ ክፍል ይገባል። እዚያ የሽንት ቱቦውን ከነሙሉ አካሄዱ ያገኘዋል፣ ከጠባሳው ይለየዋል፤ የኦቫሪውን የደም ሥሮች ወደ ላይ ከፍ ብሎ ይቋጥራል፤ ከዚያ ቁራጩን ከተጣበቀበት ሽፋን ጋር አንድ ላይ ያወጣል። ሥራው በተከፈተ ሆድ፣ በላፓሮስኮፒ ወይም በሮቦት እገዛ ሊሠራ ይችላል፤ የሚወስነው መሣሪያው ሳይሆን የሐኪሙ ልምድ ነው። የፊኛ፣ የአንጀትና የሽንት ቱቦ ጉዳት ስጋት ስላለ የዩሮሎጂና የአንጀት ቀዶ ሐኪም በአቅራቢያ ቢኖር ይመረጣል።

ቀዶ ሕክምናው ለማይፈቀድላቸው ሴቶች ጂኤንአርኤች መሰል መርፌ፣ ፕሮጄስቲን ወይም ዳናዞል የኦቫሪውን ሥራ ገትቶ ሕመሙን ሊያስታግስ ይችላል። መድኃኒቱ ሲቆም ግን ሕመሙ ሊመለስ ይችላል፤ ጂኤንአርኤች መሰል መርፌም ሲረዝም አጥንት ያሳሳል። ቅሪቱ ከወጣ በኋላ ገና ያላረጠችው ሴት በአንድ ቀን ወደ ማረጥ ትገባለች። የሙቀት ስሜቱ፣ የእንቅልፍ መታወኩና የአጥንት መሳሳቱ ቀድሞ ሊነገራት፣ ምትክ ሆርሞን ያስፈልጋት እንደሆነም ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሊመከርበት ይገባል።

በቅሪት ላይ ካንሰር መነሳቱ ብርቅ ቢሆንም ተመዝግቧል። በዘር የሚተላለፍ የቢአርሲኤ ጂን ለውጥ ኖሮባት ካንሰርን ለመከላከል ኦቫሪዋን ላስወጣች ሴት ደግሞ የቀረ ቁራጭ የቀዶ ሕክምናውን ዓላማ ራሱን ያከሽፋል። ለእነዚህ ሴቶች የወጡት መመሪያዎች ከኦቫሪው በላይ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል የደም ሥር አብሮ እንዲወጣና የወጣው ሁሉ በጥቃቅን ተቆርጦ እንዲመረመር የሚያዙት ለዚህ ነው።

መከላከልና ኃላፊነት

በእንስሳት ላይ መከላከያው በቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ ላይ ያበቃል። ጅማቱን በበቂ ማላላት፣ ቀዳዳውን አስፍቶ መክፈት፣ መቆንጠጫውን ከኦቫሪው በላይ ማሳረፍ፣ ከዚያም የወጣውን ከረጢት ከፍቶ ኦቫሪው ሙሉ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። የመጨረሻው እርምጃ ከአንድ ደቂቃ ያልበለጠ ጊዜ ይወስዳል፤ ቁራጭ ከጎደለ እንስሳዋ ገና በማደንዘዣ ሥር ሳለች ይገኛል። በብዛት በሚካሄድ የማምከን ዘመቻ ይህች ደቂቃ ልትዘለል አይገባም። የእብድ ውሻ በሽታን ለመከላከልና የባለቤት አልባ ውሾችን ቁጥር ለመቀነስ በሚደረግ ሥራ የታከመችው ውሻ ወደ ጎዳና ትመለሳለች፤ ተከታትሎ ዳግም ድራት የሚያይላት ሰው አይኖርም። ስለዚህ በኢትዮጵያም ሆነ በሌላ አገር ዘመቻው በተሠራው ብዛት ብቻ ሳይሆን በአሠራሩ ጥራትም መመዘን አለበት፤ ለአዳዲስ ሐኪሞች የሚሰጠው የእጅ ሥልጠናም ኦቫሪውን ከፍቶ ማየትን እንደ ግዴታ ሊያስተምር ይገባል።

በሴቶች ላይ መከላከያው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይጀምራል። ኢንዶሜትሪዮሲስ ወይም ከባድ መጣበቅ እንዳለ ከታወቀ ሥራው ከሆድ ዕቃ ሽፋኑ ጀርባ ገብቶ የሽንት ቱቦውን መለየት ለሚችል ሐኪም መሰጠት አለበት። ኦቫሪውን ሙሉ በሙሉ ማውጣት ካልተቻለም በመዝገቡ ላይ በግልጽ መጻፍ ይገባዋል። ማህፀን መውጣትና ኦቫሪ መውጣት የተለያዩ ናቸው። ብዙ ሴቶች ከዓመታት በኋላ ሕመም ሲሰማቸው የትኛው እንደወጣ የሚነግራቸው ወረቀት በእጃቸው አይገኝም። የቀዶ ሕክምናው ዘገባና የፓቶሎጂ ውጤት ቅጂ ለታካሚዋ ሊሰጥ፣ እሷም ጠይቃ ልትይዘው ይገባል።

ሁለቱ የሕክምና ዘርፎች እርስ በርስ የሚማማሩት አላቸው። የእንስሳት ሐኪሞች ከሴቶች ሕክምና ሊወስዱት የሚገባው የወጣውን ሁሉ ለፓቶሎጂ የመላክ ልማድ ነው። የሴቶች ሐኪሞች ደግሞ ከእንስሳት ሕክምና ሊወስዱት የሚገባው ምልክት ሲመለስ ቅሪትን ቀድሞ የመጠርጠር ልማድ ነው። ውሻዋ እንደገና ስትደራ ያየ ባለቤት በአብዛኛው ይታመናል፤ ኦቫሪሽ ወጥቷል የተባለች ሴት ሕመሟን ስትናገር ግን ሕመሙ ከአእምሮ የመነጨ ተብሎ የምትመለስበት ጊዜ አለ። አንድ የሆርሞን ምርመራና አንድ ምስል ይህን ክርክር ሊፈቱት ይችላሉ። ስለዚህ ኦቫሪዋ ወጥቷል የተባለች ሴት የማያቋርጥ የዳሌ ሕመም ካለባት፣ ወይም መጠበቅ የነበረበት የማረጥ ምልክት ካልመጣባት፣ ሐኪሟ ቅሪት መኖር አለመኖሩን እንዲመረምርላት በግልጽ ትጠይቅ።